የቅናሽ ዓርብ እና የነቢያት ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኅዳር ወር በአንዱ ዓርብ ምሽት ከኦስሎ መካከል ወደ ሞርተንሩድ የሚወጣው የምድር ባቡር ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መንገደኛው ሁሉ በሁለት እጁ ከረጢት አንጠልጥሏል፤ በእግሩ መካከልም ሣጥን አቁሟል። ከእኛ ጋር አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ፤ ልጃቸውን ተከትለው ወደዚህ አገር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ዙሪያቸውን ተመለከቱና «ልጄ፥ ዛሬ የማን ንግሥ ነው? ይህ ሁሉ ሕዝብ ከየት እየተመለሰ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁም «ንግሥ አይደለም እማዬ፤ የዕቃ ቅናሽ ነው» አላቸው። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዓርብ ቀን? በጾም?» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ አንዳችንም አልተናገርንም፤ የእኛም ከረጢት ከእግራችን ሥር ነበረና።

እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን፥ በዚያ ባቡር ውስጥ የተጠየቅነውንና መልስ ያጣንለትን ጥያቄ ከእናንተ ጋር ሆነን ለመመርመር ነው።

የቀኑ ስምና አመጣጡ

ፈረንጆች «ጥቁር ዓርብ» የሚሉት ይህ ቀን መነሻው አሜሪካ ነው። አሜሪካውያን በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓላቸውን ያከብራሉ፤ በማግሥቱ ዓርብ የገና ገበያ ይከፈታል። ስሙን ያወጡለት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፊላደልፊያ ከተማ ፖሊሶች እንደ ሆኑ ይነገራል፤ የሚያወድሱበት ስም ግን አልነበረም። በዚያ ቀን ሕዝቡና ተሽከርካሪው መንገዱን እያጨናነቀ ሥራ ስለሚያበዛባቸው በምሬት የሰጡት ስም ነበረ። ነጋዴዎቹ ስሙን ስላልወደዱት ኋላ ሌላ ትርጓሜ አበጁለት፤ የሒሳብ መዝገባቸው ከኪሳራው ቀይ ቀለም ወደ ትርፉ ጥቁር ቀለም የሚሻገርበት ቀን ነው አሉ። ወደ ኖርዌይ የገባው በቅርቡ፥ ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። የምስጋናው በዓል በዚህ አገር የለም፤ ወደዚህ የተሻገረው ገበያው ብቻ ነው። አንድ ቀን የነበረውም ዛሬ ሳምንት ሙሉ ሆኗል።

አሁን የእኛን አቆጣጠር እናስተያይ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን ይገባል፤ ይህም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ነው። የቅናሹ ዓርብ ከኖቬምበር 23 እስከ 29 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ በጾሙ ዋዜማ ከሚውልበት ዓመት በቀር፥ ዘወትር የሚውለው በጾማችን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 19 ቀን ዋለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፥ እሑድ ኅዳር 21፥ የእመቤታችን የጽዮን ማርያም በዓል ነበረ። በተጨማሪም ዕለቱ ዓርብ ነው። ዓርብ ጌታችን የተሰቀለበት ስለ ሆነ የምንጾመው ቀን ነው። ስለዚህ በአንዲቱ ዕለት ሁለት ጥሪ ይሰማል፤ አንዱ «ተው፥ ጥቂት ታገሥ» ይላል፤ ሁለተኛው «ፍጠን፥ እንዳያመልጥህ» ይላል። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መታዘዝ አይቻልም።

መግዛት ኃጢአት ነውን?

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ድሃ በርካሽ መግዛቱ ሊነቀፍ ነውን?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ይህን አስቀድመን በግልጥ እንናገራለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው በአንድ ሻንጣ፥ አንዳንዶቻችንም ያለ ሻንጣ ነው። የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የገዛነው ከፍሬቴክስ፥ ከአሮጌ ልብስ መሸጫው ነበር፤ የሞተውን በረዶ እግራችን የለመደው ሌላ ሰው ባደረገው ጫማ ነው። ያን ጊዜ በርካሽ መግዛት ጥበብም ግዴታም ነበረ፤ ዛሬም ለብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ሦስት ልጆች ያሏት እናት የክረምት ቦት ጫማ በግማሽ ዋጋ ብታገኝ፥ ወረፋ ይዛ ብትገዛ፥ በእርስዋ ላይ የሚፈርድ ከቶ ከእኛ ወገን አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፍ የምትመሰገነው ሴት ገበያ የምታውቅ፥ ንግድዋ መልካም መሆኑን የምትመረምር፥ ቤተ ሰቧንም ለብርድ ጊዜ አስቀድማ የምታለብስ ናት። ነገር ግን ያችው ሴት እጅዋን ለድሃ እንደምትዘረጋ እዚያው ተጽፏል። ገበያ የምታውቀው እጅና ለነዳያን የምትዘረጋው እጅ አንዲት እጅ ናት።

ስለዚህ የምንጠይቀው መግዛታችንን አይደለም። የምንጠይቀው፥ የሚያስፈልገን ነገር ነው ወደ ገበያ የሚወስደን ወይስ ገበያው ነው የሚያስፈልገንን ነገር የሚነግረን? የሚለውን ነው። ቦት ጫማ የሌለው ልጅ ያለው ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚገዛውን ያውቃል። እኛ ግን በዚያ ዓርብ ስንወጣ ምን እንደምንገዛ አናውቅም ነበር፤ ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው።

የቅናሽ ወጥመድ

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ዕቃ ላይ «ቀድሞ 6,000 ክሮነር፥ ዛሬ 4,000 ክሮነር» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሻጩ «2,000 ክሮነር አተረፍክ» ይለናል፤ እኛም ደስ ብሎን ለጎረቤት እንናገራለን። ነገር ግን ከኪሳችን የወጣው 4,000 ነው፤ አተረፍክ የተባልነውን 2,000 ያየው ሰው የለም። ዕቃው ቀድሞውንም የማያስፈልገን ከነበረ ያተረፍነው ምንም፥ ያጣነው አራት ሺሕ ነው። «ቀድሞ» የተባለው ዋጋም ሁልጊዜ እውነተኛ አይደለም። የኖርዌይ የሸማቾች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ ፎርብሩከርቲልሲኔት፥ ሐሰተኛ የቀድሞ ዋጋ እየለጠፉ ሸማቹን ስለሚያታልሉ ነጋዴዎች ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

ወጥመዱ በሦስት ገመድ የተገመደ ነው። አንደኛው ጥድፊያ ነው፤ «እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ» ይላል። የተጣደፈ ሰው ደግሞ አይመረምርም። ሁለተኛው እጥረት ነው፤ «የቀሩት ጥቂት ናቸው» ሲባል፥ ትናንት ያልተመኘነውን ነገር ሌላው እንዳይወስድብን ብቻ እንመኘዋለን። ሦስተኛው፥ ከሁሉ የሚከፋው፥ ዱቤ ነው። «ዛሬ ውሰድ፥ በኋላ ትከፍላለህ» ይባላል። በዚህ አገር ከገና በፊት ባለው ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር በግማሽ ስለሚቀነስ፥ በዚያ ወር እጃችን የሞላ ይመስለናል። ጥር ሲገባ ግን ሬግኒንጉ በፖስታ ሣጥን ውስጥ ይጠብቀናል፤ ካልተከፈለ ፑሪንግ ይከተላል፤ ከዚያም ኢንካሶ፤ በየደረጃው ክፍያ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ወደ ናምስማኑ ይደርሳል። በቅናሽ የተገዛው ዕቃ ያን ጊዜ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ይሆናል። ያለ መያዣ የተወሰደ የግለሰብ ዕዳ የሚሰበሰብበት መዝገብ በዚህ አገር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው፥ ባለጸጋ በሆነችው አገር እንኳ የዱቤ ዕዳ ብዙ ቤት ስለ ጎዳ ነው። አባቶቻችን እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ያሉት ይህን ሁሉ ሳያዩ ነበር።

የአንድ ቤት ታሪክ

ከመካከላችን የአንድ ወንድማችንን ነገር እንናገር፤ ስሙን ሳንጠራ፥ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል። ይህ ወንድም ሌሊት ያጸዳል፥ ቀን ደግሞ ይነዳል። በአንድ የቅናሽ ዓርብ ትልቅ ቴሌቪዥን በዱቤ ገዛ፤ ለልጆቹ ስልክ፥ ለባለቤቱም አንድ ዕቃ ጨመረ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ ነበረ። ከጥምቀት በኋላ ከጎንደር ስልክ ተደወለ፤ እናቱ ታመዋል፥ ለሕክምና ገንዘብ በአስቸኳይ ይፈለጋል። ወንድማችን የባንክ ሒሳቡን ከፈተ፤ ባዶ ነበር። አሥር ቀን ይታገሡኝ አለ። ሕመሙ ግን አሥር ቀን አይታገሥም። ታናሽ እኅቱ በሠርጓ ቀን ያደረገችውን የአንገት ወርቋን ወደ ገበያ ወስዳ ሸጠች። ቸኩላ ስለ ሸጠች፥ ገዢውም መቸኮሏን ስላየ፥ ከዋጋው በብዙ ዝቅ አድርጎ ወሰደው።

እናቲቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ድነዋል። ገንዘቡንም ወንድማችን በኋላ ልኮ ተክቷል፤ ወርቁን ግን መተካት አልተቻለም። «እኔ እዚህ በቅናሽ ገዛሁ፤ እኅቴ እዚያ በቅናሽ ሸጠች። የእኔ ቅናሽ ከእርስዋ አንገት እንደ ወጣ የገባኝ ኋላ ነው» ብሎ ነገረን።

ምእመናን ሆይ፥ ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ስብከት ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱም የአንድ ሰው ብቻ ታሪክ አይደለም። ዋጋ ወደ ታች ሲወርድ ልዩነቱን የሚሸከም አንድ ሰው በአንድ ስፍራ አለ። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች ሰንበቱ እስኪያልፍ ድረስ ትዕግሥት ያጡ፥ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን የሚያበዙ፥ ድሃውንም በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ የሚለውጡ ነበሩ። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚያዝያ ወር በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 የሚበልጡ ሠራተኞች ሞተዋል። በራሳችንም አገር፥ በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፥ ከየገጠሩ የመጡ እኅቶቻችን ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደ ነበረና በዓለም ልብስ ሠሪዎች ዘንድ ዝቅተኛው እንደ ሆነ ገልጿል። ሸሚዙን በርካሽ ስናነሣ፥ ምናልባት የሰፋችው ልጅ በቋንቋችን እያንጎራጎረች ሰፍታው ይሆናል። ይህን ማወቅ ሸሚዝ እንዳንለብስ አያደርገንም፤ አንዱ ሳያልቅ ሦስት እንዳንገዛ ግን ሊያደርገን ይገባል።

ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር በአገራችን ምን ወር እንደ ነበረ እናስታውስ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲህ በኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፥ በአዲስ አበባና በሌሎችም ስፍራዎች ሰው ሁሉ ቤቱንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። በልጅነታችን ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ያረጀውን ሁሉ ከየጓዳው እያወጣን ወደ እሳቱ የጣልንበትን ቀን የማያስታውስ ማን ነው?

ኅዳር እንግዲህ ከቤት የሚወጣበት ወር ነበር። ቤቱ ይጠረጋል፥ ከሦስት ቀን በኋላ ጾሙ ይገባል፥ ነፍስም ትጠረጋለች። እዚህ ግን ኅዳር ወደ ቤት የሚገባበት ወር ሆነብን። ጓዳው ይሞላል፥ ቁም ሣጥኑ አልዘጋ ይላል፥ ምድር ቤት ያለው ማስቀመጫም መተላለፊያ የለውም። አንዳንዴ ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛ ዕቃ ሣጥኑ ሳይከፈት ይገኛል። ዛሬ በአፓርታማ ሰገነት ላይ እሳት እናንድድ አንልም፤ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣብናል። ነገር ግን የኅዳርን ልማድ በሌላ መንገድ ልንጠብቀው እንችላለን፤ ይህን ኋላ እንናገራለን።

የጾማችንም አቆጣጠር ራሱ ስለ ዓይንና ስለ ምኞት ያስተምረናል። ከአርባ አራቱ ቀናት አርባው ሊቀ ነቢያት ሙሴ የጾመውና ነቢያት የክርስቶስን መምጣት የናፈቁበት መታሰቢያ ነው፤ አንዱ ገሃድ ነው፤ ሦስቱ ቀናት ደግሞ በአሥረኛው መቶ ዓመት በግብፅ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን የተጾመው መታሰቢያ ነው። ታሪኩን ታውቃላችሁ፤ ገዢው ክርስቲያኖችን «እምነታችሁ እውነት ከሆነ ተራራ አንቀሳቅሱ» ብሎ ባስጨነቃቸው ጊዜ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾመ። ተራራው እንዲፈልስ የተመረጠው ግን ጳጳስ ወይም ባለጸጋ አልነበረም፤ ስምዖን የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ለድሆችና ለደካሞች ውኃ ይቀዳ ነበር። በምኞት የተሰናከለችበትን ዓይኑንም ያጠፋ፥ አንድ ዓይና ሰው ነበረ። ቤተ ክርስቲያን የሥጋን ዓይን አውጡ አትልም፤ የስምዖን ታሪክ የሚነግረን ግን ዓይን ያየውን ሁሉ እንዲመኝ ያልተወ ሰው ተራራ እንዳንቀሳቀሰ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ጤናማ ዓይን ይዘን፥ በመስኮትና በስልክ የምናየውን ሁሉ እየተመኘን፥ ከቤታችን ወደ ቅዳሴ ለመንቀሳቀስ ያቅተናል። ሥጋና ቅቤ ትተን ገበያውን ሳንተው ብንውል ሆዳችን ጾሟል፥ ዓይናችን ግን አርብ ቀን ፍስክ በልቷል።

ነህምያም በምዕራፍ 13 ያደረገውን እናንብብ። ነጋዴዎች በሰንበት ወደ ኢየሩሳሌም ሸቀጥ ሲያስገቡ ባየ ጊዜ የከተማይቱ በሮች ሳይመሽ እንዲዘጉ አዘዘ። ነጋዴዎቹ አንድና ሁለት ሌሊት ከቅጥሩ ውጭ አደሩ፤ ነህምያም ባስጠነቀቃቸው ጊዜ በሰንበት መምጣታቸውን ተዉ። በኖርዌይም ሕጉ መደብሮች በእሑድ እንዲዘጉ ያዛል፤ ከገና ዋዜማ በፊት ባሉት የመጨረሻ ጥቂት እሑዶች ግን እንዲከፍቱ ይፈቅዳል። የዛሬው በር ግን ከቅጥር ላይ ተነሥቶ በኪሳችን ውስጥ ገብቷል፤ ስልካችን ነው። እርሱን የሚዘጋ ነህምያ ከእኛ በቀር ሌላ የለም።

ስለ ልጆቻችን

ከሁሉ የሚከብደን የልጆቻችን ነገር ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በዲሴምበር ወር የአድቬንት ካሌንደር ይከፍታሉ፤ ጓደኞቻቸው ምን እንደ ተገዛላቸው ይሰማሉ። ወላጅ «የለኝም» ማለት ያፍራል፤ ስደተኛ ወላጅ ደግሞ ይብሱን ያፍራል፤ ልጁ ከሌሎች ያነሰ እንዳይመስለው ይፈራል። ብዙው የቅናሽ ግዢያችን የሚመነጨው ከስስት ይልቅ ከዚህ ፍርሃት መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ወላጅ በዚህ ጽሑፍ እንደ ተወቀሰ አይቁጠረው።

ነገር ግን እውነቱን ብንነግራቸው ልጆች እኛ ከምናስበው በላይ ይሸከማሉ። «እኛ ገናን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ነው፤ እስከዚያ እንጾማለን፥ እንጠብቃለን» ብንላቸው መጠበቅን ይማራሉ። የገበያውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነገርም አለ፤ ፈረንጆቹ በዓላቸውን አክብረው ሲጨርሱ ዕቃው እንደ ገና ይረክሳል። የእኛ በዓል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታገሠ በዚህ እንኳ አልተጎዳም።

የዚህ አገር ሰዎችም ሁሉ በገበያው የተወሰዱ አይደሉም። ኤሪክ ዳማን በ1974 (እ.ኤ.አ.) የመሠረተው «መጪው ጊዜ በእጃችን ነው» የተባለ ማኅበር ፍጆታን ስለ መመጠን ሲያስተምር ኖሯል። በሞርተንሩድም በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታነጸውን የኖርዌጃውያን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያየ ያውቃል፤ አናጺዎቹ በስፍራው ያገኙትን ዓለት ሳይፈነቅሉ ስለ ተዉት፥ በጉባኤው መካከል ከወለሉ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ያለውን ነገር ማክበርና መተው ውበት እንደሚሆን ከጎረቤቶቻችን ልንማር እንችላለን። የምድር ባቡሩም ወደ ሞርተንሩድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 24 ቀን 1997፥ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1990 ዓ.ም.፥ በጾመ ነቢያት መግቢያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ ያ ባቡር ይመላለሳል፤ ምን ጭነንበት እንደምንመለስ የምንወስነው እኛ ነን።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች ያለውን እንደ ሕግ ሳይሆን፥ እኛ ራሳችን ልንሠራበት የተስማማንበት ምክር አድርጋችሁ ተቀበሉን።

አንደኛ፥ ኅዳር 12 ቀን የየቤታችንን ቁም ሣጥን እንክፈት። ለሌላ ሰው የሚሆነውን ንጹሕ ልብስና ዕቃ አውጥተን አዲስ ለመጡት ወገኖቻችን ወይም ለአሮጌ ልብስ መቀበያው እንስጥ። የኅዳር መታጠን በዚህ አገር ይህ ይሁን።

ሁለተኛ፥ ጾሙ ሳይገባ የሚያስፈልገንን በወረቀት እንጻፍ። በወረቀቱ ላይ የሌለውን በቅናሽ ቀን አንግዛ፤ ልባችን እንቢ ካለ ሦስት ቀን እናቆየው፥ የስምዖን ሦስት ቀናት ይሁኑን። በአራተኛው ቀን ምኞቱ ካለፈ፥ ቀድሞውንም አያስፈልገንም ነበር።

ሦስተኛ፥ ከጤናና ከቤት በቀር በዱቤ አንግዛ። ዕዳ ውስጥ የገባም ቢኖር አይደበቅ። ዕዳ እንደ ቁስል ነው፤ ሲሸፍኑት ያመረቅዛል። ወደ ንስሐ አባቱ፥ ወደ ማኅበሩ፥ የአገሩን ሥርዓት ወደሚያውቅ ወንድም ወይም እኅት ይምጣ፤ የመጣለትን ወረቀት አብረን እናነብለታለን።

አራተኛ፥ በእውነት የሚያስፈልገንን በእውነተኛ ቅናሽ ካገኘን፥ ያተረፍነው በቃል ሳይሆን በተግባር ይታይ። 900 ክሮነር የነበረውን ቦት ጫማ በ600 የገዛ ሰው፥ ከቀረለት 300 ላይ የቻለውን ያህል ለነዳያን ይለይ። ጾም ከምጽዋት ጋር እንዲሄድ፥ የተተወው መብል ዋጋ ለተራበው እንዲደርስ አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ የሚጠብቀን አላጣንም።

አምስተኛ፥ በዚያች ዓርብ ምሽት ከሥራ ስንመለስ፥ ከገበያው ማዕከል ፊት ለፊት ስናልፍ፥ አንድ ጊዜ እናማትብና የዕለቱን ስም በልባችን እንጥራ። የገበያው ስም ሌላ ነው፤ የእኛ ግን የስቅለት መታሰቢያ ነው።

ዓርብ ምንድን ነው?

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 55 አንድ ገበያ ይነግረናል፤ የተጠማ ሁሉ የሚጠራበት፥ ገንዘብ የሌለው ሰው ያለ ዋጋ የሚገበይበት፥ ከዚያም በማያጠግብ ነገር ላይ ገንዘባችንን ስለ ምን እንደምናወጣ የምንጠየቅበት ገበያ ነው። ነቢያት የጾሙትና የናፈቁት ይህን የሚከፍተውን ጌታ ነው። እርሱም በመጣ ጊዜ በቤተ ልሔም በግርግም ተኛ፥ ማደሪያም አልነበረውም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 1 የተዋጀነው በሚጠፋ ብርና ወርቅ እንዳልሆነ፥ በክርስቶስ ክቡር ደም እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስም በዋጋ የተገዛን መሆናችንን ለቆሮንቶስ ሰዎች ያሳስባል። ይህ ግዢ የተፈጸመው በዓርብ ቀን ነው። በዚያች ዓርብ ቅናሽ አልነበረም። የገዛን ጌታ ዋጋችንን አልተከራከረም፥ አልቀነሰም፥ ለሌላ ቀንም በዱቤ አላስተላለፈም፤ ሙሉውን ከፈለ። ስለ እኛ ይህን ያህል የተከፈለ ሆኖ ሳለ፥ ራሳችንን በአንድ ሣጥን ዕቃ ልንለካ አይገባንም።

ባቡር ውስጥ የጠየቁን እናት በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር እንደ ገና አብረውን ይጓዙ ይሆናል። ያን ጊዜ «ዓርብ ቀን? በጾም?» ብለው ቢጠይቁን፥ ከእግራችን በታች የምንደብቀው ከረጢት እንዳይኖር፥ ቢኖርም ለልጅ የክረምት ጫማ ይዞ እንዲገኝ፥ እግዚአብሔር አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። በአገራችን ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ የተጠሙትን ያጠጣ፥ የታመሙትን ይፈውስ፥ የተለያየነውንም ያገናኘን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።